ስለ እንግሊዝ ቤተ ክህነት ፍርድ ቤቶች የኑዛዜ መዛግብትና ስለ አፈላለጋቸው

በአማርኛ ኑዛዜ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። ሰው ኀጢአቱን ለነፍስ አባቱ ሲናገር ተናዘዘ ይባላል፤ ሊሞት ሲቃረብ ገንዘቡን ለማን እንደሚተው ሲናገርም ያው ተናዘዘ ይባላል። ስለዚህ የእንግሊዝ ሕዝብ የኑዛዜ ጉዳይ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ በቤተ ክህነት ፍርድ ቤት ይታይ ነበር ብንል፥ ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ እጅግ እንግዳ አይሆንበትም። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር የሚሞት ሰው ቄስ ተጠርቶለት ነፍሱን ለእግዚአብሔር፥ ሥጋውን ለመቃብር፥ ገንዘቡን ለሚስቱና ለልጆቹ፥ ከዚያም ለድኾች አደራ ይል ነበር። ይህ ሁሉ በአንድ አልጋ አጠገብ የሚፈጸም አንድ ሥራ ስለ ነበረ፥ የሟቹን የመጨረሻ ቃል ማጽደቅና ማስፈጸም የቤተ ክህነት ሥልጣን ሆነ። በ16ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከሮማ ብትለይም ይህ ሥልጣን አልተነካም። ያበቃው በ1857 በወጣ ሕግ ሲሆን፥ ከጃንዋሪ 12 ቀን 1858 ጀምሮ ሥራው ወደ መንግሥት ፍርድ ቤት ተዛወረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈባቸው በቀር፥ ሁሉም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

እነዚህ መዛግብት ለቤተ ሰብ ታሪክ መርማሪ ምን ይጠቅማሉ? በእንግሊዝ አገር ከ1538 ጀምሮ እያንዳንዱ አጥቢያ የጥምቀት፥ የጋብቻና የቀብር መዝገብ እንዲይዝ ታዝዞ ነበር። መዝገቡ ግን የሚናገረው ጥቂት ነው። በአንድ አጥቢያ በአንድ ዘመን ሦስት ሰዎች አንድ ስም ይዘው ቢገኙ፥ የትኛው የማን አባት እንደ ሆነ የቀብር መዝገብ አይነግረንም። ኑዛዜ ግን በአንድ ገጽ ላይ ሚስትን፥ ልጆችን፥ አማቾችን፥ የክርስትና ልጆችን፥ የቤት ሠራተኞችን፥ አንዳንድ ጊዜም ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ለንደን ሄዶ የቀረውን ወንድም ሳይቀር ይሰበስባል። ሦስቱን ባለ አንድ ስም ሰዎች የሚለይ ብዙ ጊዜ ይኸው ገጽ ነው። እርሱ ካልተገኘ የትውልዱ ሐረግ እዚያው ላይ ይቋረጣል፤ ከዚህም የከፋው፥ ከማይገባው ሰው ጋር ይያያዝና ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ የሌላ ሰው ቤተ ሰብ ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

ፍለጋው የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው በተሳሳተ መንገድ ስለሚጠየቅ ነው። ጀማሪ መርማሪ «ሰውዬው የት ኖረ? የት ሞተ?» ብሎ ይነሣና በዚያ አውራጃ ያለውን የኑዛዜ ማውጫ አገላብጦ ስሙን ባያገኝ «ኑዛዜ አልተወም» ብሎ ይጽፋል። መጠየቅ የሚገባው ግን «ገንዘቡ የት ነበረ? በዚያስ ቦታ ላይ ሥልጣን የነበረው የትኛው ፍርድ ቤት ነው?» የሚለው ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ኑዛዜ የማጽደቅ ሥልጣን የነበራቸው ፍርድ ቤቶች ከሁለት መቶ በላይ ነበሩ፤ ወሰናቸውም ከመንግሥት አውራጃዎች ወሰን ጋር አይገጥምም። እያንዳንዱ ፍርድ ቤት የራሱ መዝገብና የራሱ ማውጫ ነበረው። በአንደኛው ማውጫ ያልተገኘ ስም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሊገኝ ይችላል።

የፍርድ ቤቶቹ ደረጃ

ደረጃው በአጭሩ እንዲህ ነበር። ከታች ሊቀ ዲያቆናቱ ፍርድ ቤት አለው፤ እርሱ በሀገረ ስብከቱ ከአንድ ክፍል በላይ አይገዛም። ከእርሱ በላይ የጳጳሱ ፍርድ ቤት አለ፤ ሥልጣኑ በመላው ሀገረ ስብከት ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሁለቱ ሊቃነ ጳጳሳት፥ የካንተርበሪና የዮርክ፥ ፕሬሮጋቲቭ የሚባሉ ፍርድ ቤቶች ነበሩ። የሟቹ ተንቀሳቃሽ ንብረት በአንድ ሊቀ ዲያቆናት ክፍል ውስጥ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ ከታች ያልቃል፤ በአንድ ሀገረ ስብከት ውስጥ ሆኖ በሁለት ክፍል ከተበተነ ወደ ጳጳሱ ይወጣል፤ በሁለት ሀገረ ስብከት ውስጥ ከተገኘ ወደ ሊቀ ጳጳሱ ይደርሳል። ለዚህ የመጨረሻው ደረጃ በ1604 የወጣው የቤተ ክህነት ደንብ ልክ አደረገለት፤ በሁለተኛው ሀገረ ስብከት ያለው ንብረት ቢያንስ 5 ፓውንድ፥ በለንደን ደግሞ 10 ፓውንድ እንዲያወጣ ነው።

ይህን በአንድ ቦታ ላይ ብናየው ይገባናል። የሰፎክን አውራጃ እንውሰድ። ሰፎክ ከ1837 በፊት በሙሉ የሚባል ያህል በኖሪች ሀገረ ስብከት ውስጥ ነበረ፤ ዳሩ ግን ለሁለት ሊቃነ ዲያቆናት የተከፈለ ነበር። ምሥራቁ የሰፎክ ሊቀ ዲያቆናት ክፍል ሲባል፥ መዛግብቱ ዛሬ በኢፕስዊች ይገኛሉ። ምዕራቡ የሰድበሪ ክፍል ሲሆን መዛግብቱ በበሪ ሴይንት ኤድመንድስ ይቀመጡ ነበር። በ1690 የሞተ አንድ ገበሬ ከብቱና እህሉ ሁሉ በምሥራቁ ክፍል ከነበረ ኑዛዜው በኢፕስዊች ይፈለጋል። በምዕራቡም በኩል ከወንድሙ ጋር በጋራ ያረባው በግ ካለው ግን ጉዳዩ ወደ ጳጳሱ ፍርድ ቤት ስለሚወጣ መርማሪው ከሰፎክ ወጥቶ ወደ ኖርፎክ፥ ወደ ኖሪች ከተማ ቤተ መዛግብት መሄድ ይኖርበታል። ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ በኤሴክስ አውራጃ ገንዘብ ያበደረው ሰው ቢኖርስ? ኤሴክስ በዚያን ጊዜ በለንደን ሀገረ ስብከት ውስጥ ስለ ነበረች፥ ገንዘቡ ከልኩ በላይ ከሆነ ኑዛዜው በካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት፥ ማለት በለንደን ከተማ ጸድቆ ይገኛል። ገበሬው ግን ከመንደሩ ወጥቶ አያውቅ ይሆናል።

በዚህም አያበቃም። ፒኩሊያር የሚባሉ፥ በአንድ ሀገረ ስብከት መካከል ተቀምጠው ለዚያ ሀገረ ስብከት ጳጳስ የማይገዙ አጥቢያዎች ነበሩ። በዚያው በሰፎክ የሀድሊ ከተማ በኖሪች ሀገረ ስብከት ተከባ ሳለች ለካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የምትገዛ ስለ ነበረች፥ ኑዛዜዎቿ በኤሴክስ በቦኪንግ ተቀማጭ በነበረው የሊቀ ጳጳሱ እንደራሴ ፍርድ ቤት ይጸድቁ ነበር፤ ዛሬም የሚገኙት በቼልምስፎርድ፥ በኤሴክስ ቤተ መዛግብት ነው። እንግዲህ የሀድሊን ሰው በኢፕስዊች የሚፈልግ መርማሪ ዕድሜውን ሙሉ ቢፈልግ አያገኘውም። ደግሞም ጳጳሱ ሀገረ ስብከቱን በሚጐበኝበት ወራት የታችኛው ፍርድ ቤት ሥልጣን ለጊዜው ይታገድ ነበር፤ በዚያ ወራት የሞተ ሰው ኑዛዜ ንብረቱ በአንድ ክፍል ቢሆንም በላይኛው ፍርድ ቤት ይገኛል። አንዳንድ ኑዛዜ አስፈጻሚም ለክብር ብሎ፥ ወይም ጐረቤቶቹ ነገሩን እንዳያውቁበት፥ ሳይገደድ ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር።

የትኛው አጥቢያ ለየትኛው ፍርድ ቤት ይገዛ እንደ ነበር ለማወቅ በቃል መያዝ አያስፈልግም። ጄረሚ ጊብሰን ያዘጋጀው ስለ ኑዛዜ ፍርድ ቤቶች የሚናገር አነስተኛ መምሪያ እየተደጋገመ ታትሟል፤ በሴሲል ሃምፈሪ ስሚዝ የተዘጋጀው የአጥቢያዎች ካርታ ደግሞ የእያንዳንዱን ፍርድ ቤት ወሰን በቀለም ለይቶ ያሳያል። እኛ ከሁለቱ አንዱን ሳያዩ ፍለጋ መጀመርን አንመክርም።

ትልቁ ፍርድ ቤት

ከፍርድ ቤቶቹ ሁሉ ትልቁ የካንተርበሪው ፕሬሮጋቲቭ ፍርድ ቤት ነበር። ስሙ የካንተርበሪ ይሁን እንጂ ሥራውን የሚሠራው በለንደን ነው። ለብዙ ዘመን መቀመጫው ዶክተርስ ኮመንስ የሚባለው የቤተ ክህነት ሕግ ዐዋቂዎች ሰፈር ነበር፤ ቻርልስ ዲከንስ በ1849ና በ1850 ባወጣው «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» በተባለው ልብ ወለዱ በዚህ ሰፈርና በመዝገብ ቤቱ አያያዝ ላይ ክፉኛ ተሣልቋል። የዚህ ፍርድ ቤት መዛግብት ዛሬ በለንደን ምዕራብ በኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። ጸሐፊዎቹ የጸደቁትን ኑዛዜዎች በብራና መዝገብ ላይ ይገለብጡ ነበር፤ ይህም ፕሮብ 11 በሚባል ምልክት የሚታወቀው ክፍል ከ1384 እስከ 1858 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ኑዛዜ ይዟል። ሁሉም ፎቶግራፍ ተነሥቶ በኢንተርኔት ስለ ወጣ፥ አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ስሙን፥ ሥራውን፥ የኖረበትን ቦታና ዓመቱን እያስገባ ሊፈልግ ይችላል።

ይህ ምቾት የራሱ አደጋ አለው። ሰው የቀለለውን ፈልጐ የከበደውን ይተዋልና፥ በፕሮብ 11 ያልተገኘ ሁሉ ኑዛዜ እንደሌለው መቍጠር ልማድ ሆኗል። በዚህ ፍርድ ቤት የሚገኙት በብዛት ባለጠጎች፥ ነጋዴዎች፥ በለንደን ዙሪያ የኖሩ ሰዎች፥ ደግሞም በባሕር ላይ ወይም በውጭ አገር የሞቱ መርከበኞችና ወታደሮች ናቸው። መርከበኛ ድኻ ቢሆንም እዚህ ሊገኝ ስለሚችል በእርሱ ነገር ከዚህ መጀመር ትክክል ነው። የመካከለኛ ገበሬና የመንደር ሸማኔ ኑዛዜ ግን አብዛኛው በታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ነው የቀረው። በሰሜን በኩል ለዮርክ ሊቀ ጳጳስ ይገዙ የነበሩት አውራጃዎች መዛግብት በዮርክ ዩኒቨርሲቲ በቦርዝዊክ ተቋም ይገኛሉ፤ ከ1389 ይጀምራሉ። የዌልስ አገር ኑዛዜዎች በአበሪስትዊዝ በዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተሰብስበዋል፤ እነርሱም በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይታያሉ።

አንድ አጭር ዘመን ከዚህ ሁሉ ውስብስብ ነገር ነጻ ነው። ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ በ1649 ተሰይፎ አገሪቱ ያለ ንጉሥ በኖረችበት ጊዜ የቤተ ክህነት ፍርድ ቤቶች ተሽረው፥ ከ1653 እስከ 1660 ድረስ የመላው አገር ኑዛዜ በለንደን በአንድ የመንግሥት ፍርድ ቤት ይጸድቅ ነበር። መዛግብቱ ከካንተርበሪው ፍርድ ቤት መዛግብት ጋር ተቀላቅለው በፕሮብ 11 ውስጥ ይገኛሉ። በሌላ ጊዜ ወደ ለንደን ይመጣሉ ተብለው የማይጠበቁ የሩቅ መንደር ሰዎች ስለዚህ እዚያ አሉ።

ምን ምን ይገኛል

አንድ ኑዛዜ በሦስት መልክ ሊቀር ይችላል፤ ተናዛዡ የፈረመበት ዋናው ወረቀት፥ ጸሐፊው በመዝገብ የገለበጠው ቅጂ፥ ለኑዛዜ አስፈጻሚው በማኅተም የተሰጠው ቅጂ። የተናዛዡ ፊርማ ወይም የጣት ጭረት የሚገኘው በዋናው ላይ ብቻ ነው። በመዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ የጸሐፊው እጅ ስለ ሆነ፥ «አያታችን መጻፍ ያውቅ ነበር» ብሎ ከዚያ መደምደም አይገባም።

ሳይናዘዝ ለሞተ ሰው ፍርድ ቤቱ ለሚስቱ ወይም ለቅርብ ዘመዱ የውርስ አስተዳዳሪነት ደብዳቤ ይሰጥ ነበር። ይህ ሰነድ አጭር ነው፤ የሟቹን ስም፥ የአጥቢያውን ስም፥ የአስተዳዳሪውን ስምና ዝምድና ከመናገር አያልፍም። የሆነ ሆኖ ዝምድናውን ስለሚናገር ችላ ሊባል አይገባም። እነዚህ በአብዛኛው በተለየ መዝገብ ስለሚገኙ የኑዛዜውን ማውጫ ብቻ ያየ ሰው ያልፋቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን የንብረት ዝርዝር ነው። በ1529 በወጣው ሕግ መሠረት ኑዛዜ አስፈጻሚው ወይም አስተዳዳሪው የሟቹን ተንቀሳቃሽ ንብረት አስገምቶ ለፍርድ ቤቱ ማቅረብ ነበረበት። ገማቾቹ ሁለት፥ ሦስት ወይም አራት ጐረቤቶች ናቸው። ከክፍል ወደ ክፍል እየዞሩ፥ መጀመሪያ የሟቹን ልብስና በከረጢቱ ያለውን ገንዘብ፥ ከዚያም በእልፍኙ ያለውን አልጋ፥ ፍራሹን፥ አንሶላውን፥ በማድ ቤቱ ያለውን የናስ ድስትና የቆርቆሮ ሳሕን፥ በጓዳው ያለውን የጠላ በርሜልና የአይብ መጭመቂያ፥ በግቢው ያለውን ላም፥ አሳማና ዶሮ፥ በመስኩ ላይ የቆመውን እህል ሳይቀር እየገመቱ ይጽፋሉ። መጨረሻ ላይ ያበደረው ገንዘብ ይሰፍራል። በዚህ ዐይነት ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የሞተ የመንደር አንጥረኛ ቤት ስንት ክፍል እንደ ነበረው፥ በየትኛው ክፍል እሳት ይነድ እንደ ነበር፥ ስንት ሰው በአልጋ ላይ ይተኛ እንደ ነበር እናውቃለን። ስለ ብዙ የአገራችን አንጥረኞችና ሸማኔዎች ያን ያህል የተጻፈ ብናገኝ ምንኛ ደስ ባለን! ነገር ግን ዝርዝሩን ሲያነቡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ርስት በዝርዝሩ ውስጥ አይገባም፤ ሟቹ ለሌላ ሰው የነበረበት ዕዳም አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። ስለዚህ በዝርዝሩ ድኻ የሚመስለው ባለ ሰፊ መሬት፥ ባለጠጋ የሚመስለውም ባለ ብዙ ዕዳ ሊሆን ይችላል። ዝርዝሮቹ ከ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ እያነሱ ሄዱ፤ በካንተርበሪው ፍርድ ቤት ደግሞ ከ1660 በፊት የነበሩት ጥቂት ብቻ ናቸው የተረፉት።

በኑዛዜው ላይ ጠብ ከተነሣ የክርክሩ መዝገብ ይኖራል። የምስክሮቹ ቃል በሚጻፍበት ጊዜ ዕድሜያቸው፥ ሥራቸውና የሚኖሩበት ቦታ አብሮ ስለሚመዘገብ፥ የምስክሮቹም ዘሮች ከዚህ ይጠቀማሉ።

ማን ተናዘዘ? አብዛኛው ሕዝብ አልተናዘዘም። ባል ያላት ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ልትናዘዝ አትችልም ነበር፤ ይህም የተለወጠው በ1882 በወጣው የባለትዳር ሴቶች ንብረት ሕግ ነው። ስለዚህ በመዝገቡ የሚገኙት ሴቶች አብዛኞቹ ባላቸው የሞተባቸው ወይም ያላገቡ ናቸው። ጄን ኦስተን የተባለችው ደራሲ ሳታገባ የኖረች ስለ ነበረች ኤፕሪል 27 ቀን 1817 በገዛ እጇ ኑዛዜ ጻፈች፤ ከጥቂት ስጦታ በቀር ሁሉን ለእኅቷ ለካሳንድራ ተወች። ምስክር ስላልፈረመበት፥ እርሷ ከሞተች በኋላ ጽሕፈቷን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች በፍርድ ቤቱ መማል ነበረባቸው። ወንድ ልጅ ከ14 ዓመቱ፥ ሴት ልጅ ከ12 ዓመቷ ጀምሮ ስለ ተንቀሳቃሽ ንብረታቸው መናዘዝ ይችሉ ነበር፤ በ1837 የወጣው ሕግ ግን ዕድሜውን ወደ 21 ከፍ አደረገው። ያው ሕግ የቃል ኑዛዜን ከዘመቻ ወታደሮችና ከባሕር ላይ መርከበኞች በቀር አስቀረ። የእኛ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በጠባብ ወሰን የፈቀደው የቃል ኑዛዜ በእንግሊዝ ከዚያ በፊት የተለመደ ስለ ነበረ፥ በአሮጌዎቹ መዛግብት ውስጥ ጐረቤቶች «እገሌ በሕመሙ አልጋ ላይ ሳለ እንዲህ ሲል ሰማን» ብለው ያስመዘገቡት ቃል ይገኛል። የሰዎቹ አነጋገር ከሁሉ ሰነድ ይልቅ ጥርት ብሎ የሚሰማው በእነዚህ ውስጥ ነው።

ስለ አነባበቡ

ኑዛዜው ራሱ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሥሩ ያለው የማጽደቂያ ቃል ግን እስከ 1733 ድረስ፥ ንጉሥ ካልነበረበት ዘመን በቀር፥ በላቲን ይጻፍ ነበር። ላቲን የማያውቅ ሰው አይደንግጥ፤ ቃሉ ሁልጊዜ አንድ ዐይነት ስለ ሆነ ቀኑንና የአስፈጻሚውን ስም የት ቦታ እንደሚገኝ መለየት በጥቂት ልምምድ ይቻላል። ይልቅ የሚያስቸግረው የ16ኛውና የ17ኛው መቶ ዓመት የእጅ ጽሕፈት ነው። ፊደሎቹ ከዛሬው ይለያሉ፤ ቍጥሩም በሮማውያን ፊደል ነው። 12 ፔኒ 1 ሺሊንግ፥ 20 ሺሊንግ 1 ፓውንድ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም።

ቀን የሚያሳስተው ግን ጽሕፈቱን ካነበብን በኋላ ነው። እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝ አገር በሕግ አዲስ ዓመት የሚገባው በጃንዋሪ 1 ሳይሆን በማርች 25፥ በብሥራተ ገብርኤል ቀን ነበር። (በዚያን ጊዜ እንግሊዝ የዩልዮስን አቈጣጠር ስለምትከተል፥ ያ ቀን ከእኛ መጋቢት 29 ጋር አንድ ዕለት ነበር።) በዚህም ምክንያት በዴሴምበር 1680 የተናዘዘ ሰው በፌብሩዋሪ 1680 ተቀበረ ተብሎ ሲጻፍ፥ ሞቶ ተናዘዘ ማለት አይደለም፤ ያ ፌብሩዋሪ በዛሬው አቈጣጠር የ1681 ነው። ሁለት አዲስ ዓመት ለምናከብር ለእኛ ይህ አይከብድም። ማውጫዎችም የሚዘጋጁት ኑዛዜው በጸደቀበት እንጂ ሰውዬው በሞተበት ዓመት አይደለምና፥ ጸድቆ የሚገኘው ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ከሞተበት ዓመት በኋላ ያሉትን ቢያንስ አሥር ዓመታት ማየት የሚገባው።

የዝምድና ቃላትም እንደ ዛሬው አይተረጐሙም። የተናዛዡ «አማች» ተብሎ የተጻፈው የእንጀራ ልጁ ሊሆን ይችላል። «የአጎት ልጅ» የሚለው ቃል ለማንኛውም ዘመድ ይውላል። ዊልያም ሼክስፒር በ1616 በጻፈው ኑዛዜ የልጁን የሱዛናን ልጅ ኤልዛቤት ሆልን የሚጠራት ዛሬ የወንድም ወይም የእኅት ልጅ በሚያሰኝ ቃል ነው፤ እርሷ ግን የልጅ ልጁ ናት። እኛም የአጎታችንን ልጅ ወንድሜ እንላለንና ይህን ለመረዳት አንቸገርም፤ ነገር ግን የራሳችንን ልማድ በሰነዱ ላይ መጫን እንዳንጀምር መጠንቀቅ አለብን። ዝምድናው በጥምቀትና በጋብቻ መዝገብ ሳይረጋገጥ የትውልድ ሐረግ ላይ አይጻፍ።

ያልተጻፈው ነገር ደግሞ ከተጻፈው ይልቅ ያሳስታል። በዚያው በሼክስፒር ኑዛዜ ሚስቱ በስሟ አልተጠራችም፤ ሁለተኛውን ደኅና አልጋ ከነዕቃው እንደ ተወላት ብቻ ተጽፏል። ከዚህ ተነሥተው ባልና ሚስቱ አይስማሙም ነበር ብለው የጻፉ ብዙዎች ናቸው። ሌሎች ሊቃውንት ግን ባሏ የሞተባት ሴት በሕግ የምታገኘው ድርሻ ስለ ነበራት በኑዛዜ መጻፉ አያስፈልግም ነበር ይላሉ፤ በዚያ ዘመን አልጋም ውድ ዕቃ ነበር። እኛ ወደ ሁለተኛው ወገን እናደላለን። በዮርክ ሊቀ ጳጳስ ግዛት እስከ 1692 ድረስ የሟቹ ተንቀሳቃሽ ንብረት አንድ ሦስተኛው ለሚስቱ፥ አንድ ሦስተኛው ለልጆቹ በልማድ የተወሰነ ስለ ነበረ፥ ሰውዬው በፈቃዱ የሚናዘዘው የቀረውን ሲሶ ብቻ ነበር። እንደዚሁም የበኵር ልጅ በኑዛዜ ውስጥ አንድ ሺሊንግ ብቻ ቢተውለት ወይም ጭራሽ ባይጠራ፥ ተረገመ ማለት አይደለም፤ ርስቱን በሕግ ስለሚወርስ ወይም ድርሻውን ሲያገባ ስለ ወሰደ ሊሆን ይችላል። የኑዛዜውን መግቢያ ጸሎት አንብቦ ስለ ተናዛዡ ሃይማኖት መፍረድም አይገባም። ብዙ ጊዜ ቃሉ የጸሐፊው ነው፤ በአንድ መንደር አንድ ጸሐፊ የጻፋቸው አሥር ኑዛዜዎች በአንድ ዐይነት ጸሎት ይጀምራሉ።

በእሳት ስለ ጠፉት

የ1857ቱ ሕግ ከወጣ በኋላ የትናንሾቹ ፍርድ ቤቶች መዛግብት በየአውራጃው ወደ ተቋቋሙት የኑዛዜ ጽሕፈት ቤቶች ተሰበሰቡ። መሰብሰቡ ለአጠባበቅ የታሰበ ነበር። በሜይ 1942 የጀርመን አውሮፕላኖች የኤክሰተርን ከተማ ሲደበድቡ ግን በዚያ የነበረው ጽሕፈት ቤት ተቃጠለ፤ የዴቨን አውራጃ ኑዛዜዎች በሙሉ የሚባል ያህል፥ ከሶመርሴትም ብዙዎቹ፥ በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆኑ። ከጦርነቱ በፊት በ1908 የታተመ ማውጫ ስለ ነበረ የሰዎቹ ስም፥ አጥቢያቸውና ዓመቱ ቀርቷል። የዴቨን ሰው ዘር የሆነ መርማሪ አያቱ መናዘዙን ከዚያ ያውቃል፤ ምን እንዳለ ግን ከዚያ ሊያነብ አይችልም።

ስለዚህ ለዴቨን ሌላ መንገድ መያዝ ግድ ነው። አንደኛ፥ በካንተርበሪው ፍርድ ቤት የጸደቁት ለንደን ስለ ነበሩ እሳቱ አልነካቸውም። ሁለተኛ፥ መንግሥት ከ1796 ጀምሮ በውርስ ላይ ግብር ይወስድ ስለ ነበረ የግብር መዝገብ ይይዝ ነበር፤ ይህ መዝገብ አይ አር 26 በሚባል ምልክት በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ወራሾቹንና ዝምድናቸውን፥ አንዳንድ ጊዜም ከሟቹ በኋላ የደረሰባቸውን ሳይቀር ያስረዳል። ለግብሩ ሥራ የተላኩት የኑዛዜ ቅጂዎች በሌሎች አውራጃዎች ሲወገዱ፥ የዴቨን፥ የኮርንዎልና የሶመርሴት ግን ከ1812 እስከ 1857 ያሉት ተጠብቀው ለየአውራጃው ቤተ መዛግብት ተሰጥተዋል። ከእነዚህ ዘመናት በፊት ለነበረው ደግሞ መፈለግ ያለበት በፍርድ ቤት መዝገብ ሳይሆን በመሬት ሰነድ ውስጥ ነው። ለኑዛዜ አስፈጻሚው በማኅተም የተሰጠው ቅጂ ርስቱ ሲሸጥ ከሽያጩ ውል ጋር እየታሰረ ለገዢው ይተላለፍ ስለ ነበረ፥ በባለ ርስቶችና በጠበቆች ሣጥን ውስጥ ቆይቶ ወደ ቤተ መዛግብት የገባ ብዙ አለ። በማውጫ የሚፈለገውም በሟቹ ስም ሳይሆን በመሬቱ ወይም በኋለኛው ገዢ ስም ነው።